ሰጪና ተቀባይ፤ ስለ ጎጃም ቅኔ ቤትና ስለ አዲስ አበባ መድረክ

ቃል ብቻውን አይቆምም። የሚሰጠው አንደበት እንደሚያስፈልገው ሁሉ የሚቀበለው ጆሮ ያስፈልገዋል፤ ከጆሮም በኋላ የሚመዝነው ልቡና ያስፈልገዋል። በጎጃም ደጋ በቅኔ ጉባኤ ያደገ ተማሪ ይህን በትምህርት ከመስማቱ በፊት በዐይኑ ያየዋል። በማኅሌት ጊዜ ባለቅኔው ያዘጋጀውን ቅኔ ብዙውን ጊዜ ራሱ አያዜመውም፤ አጠገቡ ለቆመው ዜመኛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሐረግ በሐረግ ይነግረዋል፤ ዜመኛውም ከአፉ እየተቀበለ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለጉባኤው ያሰማል። መምህራኑ መቋሚያቸውን ተደግፈው ያዳምጣሉ፤ ሰሙ ከወርቁ ጋራ ሲገጥምላቸው «ይበል» ይላሉ፤ ሳይገጥም ሲቀር ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸውም ፍርድ ነው። እንግዲህ አንድ ቅኔ ሦስት ሰው ይፈልጋል፤ ሰጪ፣ ተቀባይና ፈራጅ።

ከቅጥሩ ወጣ ብሎ በሠርግ ድንኳንና በጠጅ ቤት ያለውን የተመለከተ ሰውም ይኸንኑ ሕግ ያገኛል። አዝማሪው መሰንቆውን እየመታ ሲዞር ከተቀመጡት አንዱ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም የተሰጠውን ቃል ሳያዛንፍ ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ግጥሙ ኅብር ያለበት ከሆነ ቤቱ በሳቅና በእልልታ ይሞላል፤ ተራ ከሆነ የመሰንቆው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሊቁና አዝማሪው በአደባባይ ቢገናኙ እምብዛም አይወዳጁም፤ አንዱ ሁለተኛውን ዘፋኝ ይለዋል፤ ሁለተኛውም አንዱን ደብተራ እያለ በግጥም ይሸነቁጠዋል። ነገር ግን «አዝማሪ» የሚለው ስም ራሱ «ዘመረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ስለ ሆነ ከመዝሙርና ከዝማሬ ጋራ የአንድ ሥር ቅርንጫፍ ነው። ሥራቸው ይለያያል፤ ሕጋቸው ግን አንድ ነው፤ የተሰጠ ቃል ተቀባይ ካላገኘ እንዳልተነገረ ይቆጠራል።

ይህ መቅድም የተነገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ አዲስ አበባ ሙዚቃና ቴአትር በየሸንጎውና በየቡና ቤቱ የሚደረገው ጨዋታ፣ በየጋዜጣውም የሚወጣው ትችት ብዙ ነው፤ ከብዛቱ የተነሣም ሰው ሁሉ ስለ መድረክ ዐዋቂ መስሏል። የሚጠየቀው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ማን ዘፈነ? ማን ተጫወተ? ልብሱ እንዴት ነበር? ድምፁስ? ቃሉን የሰጠው ማን እንደ ሆነ፣ ሕዝቡም ምን እንደ ተቀበለ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህ ጥያቄ ባለመጠየቁም የከተማው መድረክ ከወዴት እንደ መጣ ተዘነጋ፤ ከመጣበትም ስፍራ አንዱና ዋናው ከዐባይ ማዶ ያለው የጎጃም ቅኔ ቤት ነው።

የነገሩን መጀመሪያ ለመመልከት ወደ 1913 ዓ.ም. ገደማ መመለስ ያስፈልጋል። በሩስያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን ድርሰት በአዲስ አበባ በቴራስ ሆቴል ያሳዩት ያን ጊዜ ነበር። ድርሰቱ የፈረንሳዊውን የላፎንቴንን ተረቶች መሠረት ያደረገ ነው። ይሁን እንጂ መኳንንቱ ሲሰሙት እንግዳ አልሆነባቸውም፤ አውሬው ሰም፣ ሹሙ ወርቅ መሆኑን ለመረዳት አንድ ምሽት በቃቸው። ድርሰቱን ጥንቅቅ አድርገው ስለ ተቀበሉትም ቴአትር እስከ ንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ፍጻሜ ተከልክሎ ቆየ። ሰም ለበስ ነገር ሲሰማ ያደገ ሕዝብ ከባሕር ማዶ የመጣውን ተረት እንኳ በቅኔ ጆሮ ሰማው ማለት ነው፤ በኢትዮጵያ መድረክ ላይ የተሰጠ የመጀመሪያው ፍርድም «ይበል» ሳይሆን «ይቅር» የሚል ሆነ።

ከዚህ በኋላ መድረኩን ያነሡት ሰው ከደብረ ኤልያስ የመጡት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። ደብረ ኤልያስ ከደብረ ማርቆስ በስተምዕራብ የሚገኝ፣ እንደ ዲማ ጊዮርጊስ፣ እንደ ዋሸራና እንደ ጎንጅ ሁሉ በቅኔ ጉባኤው ስሙ የተጠራ ደብር ነው። ቀኝ ጌታ ማለትም በማኅሌት የቀኙን ተርታ የሚመራው ሊቅ የሚጠራበት ማዕርግ ነው። እኒህ ሰው ይህን ማዕርግ እንደ ያዙ አዲስ አበባ ገብተው በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ ከተማሪዎቻቸው ጋራ ቴአትር ማሳየት ጀመሩ። የሴቶቹንም ክፍል በጊዜው ልማድ ወንዶች ልጆች ይጫወቱት ነበር።

የድርሰቶቻቸውን ስም ብቻ ያነበበ ሰው የቅኔ ቤቱን መዐዛ ያገኛል። አንዱን «ጥቅም ያለበት ጨዋታ» ብለውታል። ጨዋታ በአማርኛ ወግም ነው፣ ቀልድም ነው፣ በመድረክ የሚታይም ነው፤ ጥቅም ያለበት ሲባል ግን ወርቁ ይወጣል፤ ሰሙ ለጆሮ፣ ፍሬው ለአገር እንዲሆን ታስቧል። ሌላውን «የሆድ አምላኩ ቅጣት» ብለውታል፤ ሆዱን አምላክ ያደረገ ሰው ማለት ከሐዋርያው መልእክት የተወሰደ አነጋገር መሆኑን ምእመን ሁሉ ያውቀዋል። ሌላውንም «አፋጀሽኝ» ብለውታል። ይህ ለአንዲት ሴት የተነገረ ቃል ነው፤ ሰሚው ግን ሴቲቱ ማን ናት ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ሴት ናት ወይስ አገር? አንድ ቃል ሁለት መንገድ ሲይዝ ኅብር ይባላል፤ ባለቅኔው ኅብሩን ገና ከርእሱ ጀመረው።

እዚህ ላይ ከዮፍታሔ ጋራ የአንድ አገር ልጅ የሆኑትን ሐዲስ ዓለማየሁን ማንሣት ይገባል። በ1902 ዓ.ም. በጎዛምን በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው፣ ቅኔን ከደብረ ኤልያስ እስከ ዲማ ጊዮርጊስ ተምረው፣ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት የገቡት እኒህ ሊቅ በወጣትነታቸው «የሐበሻና የወደኋላ ጋብቻ» የተባለ ቴአትር ጽፈዋል። ርእሱን መመልከት ይበቃል። «ወደኋላ» የሚለውን የመንገድ ስም ወስዶ አካል ሰጥቶ መዳር፣ ሐበሻንም ከርሱ ጋራ ማጋባት የቅኔ ቤት ልጅ ብልሃት ነው። እንግዲህ ከአንድ ደጋ የወጡ ሁለት ሰዎች የከተማውን መድረክ በአንድ ዐይነት መሣሪያ ሠሩት፤ መሣሪያውም ሰምና ወርቅ ነበር።

እስከዚህ ያለው ምስጋና ነው፤ ትችት ግን በምስጋና ብቻ አይፈጸምም። ከቅኔ ቤት የመጣው ይህ መሣሪያ ለመድረኩ ኀይልም ሸክምም ሆኖበታል።

ቅኔ በባሕርዩ የአንድ ሰው ቃል ነው። ሁለት ቤት ያለው ጉባኤ ቃና ይሁን፣ ሦስት ቤት ያለው ዘአምላኪየ ይሁን፣ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ይሁን፣ ከመነሻው እስከ መድረሻው የሚናገረው ባለቅኔው ነው። ቴአትር ግን የብዙ ሰዎች ቃል ነው። ጌታው እንደ ጌታ፣ ሎሌው እንደ ሎሌ፣ ባልቴቷም እንደ ባልቴት ካልተናገሩ በመድረኩ ላይ ዐሥር ሰው ቢቆምም የሚሰማው አንድ ሰው ነው። በመጀመሪያው ዘመን የታዩት ቴአትሮች የተነቀፉበት ዋናው ነገር ይህ ነው። ንግግሩ ረዘመ፤ እጅና እግር ሥራ ፈታ፤ ሁሉም በባለቅኔው አፍ ተናገረ። ተመልካች ዐይኑን ጨፍኖ ቢያዳምጥ የሚቀርበት ነገር ጥቂት ነበር። ይህን ለማስተባበል መሞከር አይገባም፤ እውነት ነው።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ቅኔ ለመድረክ አይሆንም» የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ስሕተቱንም የሚገልጥ ምስክር አለ፤ እርሱም መንግሥቱ ለማ ናቸው። አባታቸው አለቃ ለማ ኃይሉ በቅኔና በመጻሕፍት ዕውቀታቸው የታወቁ ሊቅ ነበሩ፤ ልጅየውም የአባታቸውን ትዝታ ከአንደበታቸው ተቀብለው በመጽሐፍ አስቀምጠውታል። መንግሥቱ ለማ በለንደን ተምረው ተመልሰው «ጠልፎ በኪሴ»ንና «ያላቻ ጋብቻ»ን በጻፉ ጊዜ ከአባታቸው ቤት ያገኙትን የነገር ስለት አልጣሉትም፤ ከፋፍለው ለየሰዉ አደሉት እንጂ። ጠልፎ ማግባትን፣ የዘር ኩራትን፣ ከባሕር ማዶ ተምሮ የመጣውን ወጣት ግራ መጋባት ሁሉ ነቀፉ፤ ይሁን እንጂ በመድረኩ ላይ ቆሞ የሚገሥጽ ደራሲ አይታይም፤ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ሲጨዋወቱ ተግሣጹ ከጨዋታው መካከል ይወጣል። ሰሙ የሰዎቹ ወግ ሆነ፤ ወርቁም ለተመልካቹ ተተወ። ቅኔ ከመድረክ ጋራ የታረቀበት መንገድ ይህ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው። እርሳቸው ንግግሩን አላሳጠሩትም፤ ይልቁን አከበዱት። «የጸጋዬ ቤት» እስከ መባል የደረሰውን ረጅም የግጥም ስንኝ ይዘው «ኦቴሎ»ንና «ሃምሌት»ን በአማርኛ ሲያናግሩ፣ የራሳቸውንም «ቴዎድሮስ» ሲያቆሙ፣ ረጅም ንግግር በራሱ ጥፋት እንዳልሆነ አሳዩ፤ ጥፋቱ በተናጋሪው ልብ ውስጥ ክርክር የሌለበት ንግግር ነው። ሰው ከራሱ ጋራ ሲከራከር ብቻውን ቢቆምም ሁለት ሰው ነው። እንግዲህ መንግሥቱ ቃሉን ለብዙዎች በማካፈል፣ ጸጋዬ አንዱን ሰው በመክፈል የመጀመሪያውን ጉድለት አረሙት።

አሁን ወደ ሙዚቃው እንመለስ፤ የሰጪና የተቀባይ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በርሱ ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ የነሐስ መሣሪያዎች ከሩስያ መጥተው በቤተ መንግሥት መነፋት ጀመሩ። በ1916 ዓ.ም. ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም ያገኟቸው አርባ የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ የሙዚቃ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንድያን አብረው መጡ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ሲደረስ ቃሉን የሰጡት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ፣ ተቀብለው በዜማ ያቆሙት ናልባንድያን ሆኑ። አንዱ የደብረ ኤልያስ ደብተራ፣ ሁለተኛው ከአገሩ የተሰደደ አርመናዊ ነበር፤ ነገር ግን በማኅሌት እንዳለው ባለቅኔና ዜመኛ አንዱ ሰጠ፣ ሌላው ተቀበለ። መዝሙሩ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል ተሰማ፤ ጠላት አገሩን ከያዘበት ጊዜ በቀርም እስከ 1967 ዓ.ም. የአገር መዝሙር ሆኖ ኖረ። መልካም ተቀባይ ያገኘ ቃል ዕድሜው እንዲህ ይረዝማል።

ተቀባይ ሰው ብቻ አይደለም፤ መሣሪያም ተቀባይ ይሆናል። በኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ በ1901 ዓ.ም. ገደማ ወደ ጀርመን ተልከው በነበረ ጊዜ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። በዘመናቸው ከርሳቸው የማያንሱ ብዙ አዝማሪዎች በጎጃምም በሸዋም በወሎም እንደ ነበሩ ጥርጥር የለውም፤ ድምፃቸው ግን ከሞቱ ጋራ አብሮ ተቀበረ። የተሰማ እሸቴ ድምፅ የቆየው ከሌሎቹ ስለ በለጠ ብቻ ሳይሆን ሸክላው ስለ ተቀበለው ነው።

ሙዚቃው ወደ ማኅበርና ወደ ኦርኬስትራ በገባ ጊዜ ግን አንድ እንግዳ ነገር ተፈጠረ። በ1927 ዓ.ም. ጣልያን ለወረራ ሲዘጋጅ በመኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ፤ ሕዝቡም ተሰብስቦ ንግግርና መዝሙር፣ ፉከራና ቀረርቶ ይሰማ ነበር። ይህ ሁሉ ገና የመስጠትና የመቀበል ነበር፤ ፎካሪው ሲፎክር ሰሚው ይነሣ ነበርና። ከነፃነት በኋላ ማኅበሩ የቴአትርና የሙዚቃ ቤት ሆነ፤ የክብር ዘበኛና የሌሎችም ኦርኬስትራዎች ተነሡ፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ በመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ግጥሙን አንዱ ይጽፋል፤ ዜማውን ሁለተኛው ይደርሳል፤ ሦስተኛው ተቀብሎ ይዘፍናል።

ይህ አሠራር በራሱ ነውር የለበትም፤ የማኅሌቱ አሠራር ነውና። ነውሩ በስም ላይ ነው። በቅኔ ጉባኤ የሚታወሰው ሰጪው ነው፤ «ይህ የእገሌ ቅኔ ነው» ይባላል እንጂ በዚያ ቀን ተቀብሎ ያዜመው ማን እንደ ሆነ ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚያስታውስ የለም። በከተማው ግን ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ተቀባዩ ይታወሳል፤ ሰጪው ይረሳል። አንድ ዘፈን ሃምሳ ዓመት ሲዘፈን ግጥሙን የጻፈው ሰው ስም ሳይነሣ ያልፋል። ሁለቱም ልማድ ሚዛን የጎደለው ነው። ቅኔ ቤቱ የዜመኛውን ድምፅ በደለ፤ ከተማው የባለቅኔውን ስም በደለ። በትችት መንገድ የሚሄድ ሰው ሊያቃናው የሚገባው አንዱ ነገር ይህ ነው፤ ስለ አንድ ዘፈን ሲጽፍ በመጀመሪያ የሦስቱንም ስም ይጻፍ።

የፈራጁ ነገር ደግሞ አለ። በቴአትር ቤት መብራቱ ሲጠፋ ተመልካቹ በጨለማ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ መጋረጃው ሲወርድ ያጨበጭባል፤ ይወጣል። አንዳንዶች ይህን ዝምታ ከባሕር ማዶ የመጣ ባዕድ ልማድ ነው ብለው ይነቅፉታል፤ በአዝማሪ ቤት እንደሚደረገው ተመልካቹም ይናገር ይላሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በማኅሌትም ቅኔ ሲነገር ጸጥታ ነው፤ ልዩነቱ ከጸጥታው በኋላ ያለው ነው። የቅኔ ተማሪ ሌሊት ሲያወጣ ሲያወርድ፣ ቀን በየዛፉ ጥላ ተቀምጦ ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ይዞ በነገራ ሰዓት በመምህሩ ፊት ይቆማል። መምህሩ ያዳምጣል፤ ምሥጢሩ የፈረሰበትን፣ አገባቡ የሳተበትን፣ ቤቱ የጎደለበትን ያመለክተዋል፤ ያቃናለታልም። ተማሪው አይቆጣም፤ ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል። ጭብጨባ ይህን ሊያደርግ አይችልም። ጭብጨባ ለሁሉ አንድ ድምፅ ነው፤ መልካሙን ከመካከለኛው አይለይም።

ስለዚህ ለከተማው መድረክ የጎደለው ጩኸት አይደለም፤ ነገራና እርማት ነው። በዘመናችን ስለ ቴአትርና ስለ ሙዚቃ የሚጻፈው አብዛኛው ወይ ውዳሴ ነው ወይ ዘለፋ ነው፤ ውዳሴው ለወዳጅ፣ ዘለፋው ለባላንጣ ይሰጣል። ከሁለቱም ደራሲው የሚማረው ነገር የለም። እርማት ግን ሥራውን ከሠሪው ይለያል፤ «ይህ ክፍል እንዲህ ስለ ሆነ ወደቀ፤ እንዲህ ቢሆን ይነሣ ነበር» ይላል። ቅኔ ቤቱ ለመድረኩ ሰምና ወርቁን አበደረው፤ ከሰምና ወርቁ ይልቅ የሚጠቅመውን፣ እርማትን ግን ሳያበድረው ቀረ።

የዚህም ጉዳት ከሁሉ በላይ የታየው በራሳቸው በዮፍታሔ ላይ ነው። ቅኔ በጉባኤ አንድ ጊዜ ይባላል፤ አይደገምም፤ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ የሚያቀርብ ባለቅኔ ያፍራል። ይህ ሕግ ለቅኔ ክብሩ ነው፤ ሁልጊዜ አዲስ እንዲሆን ያደርገዋልና። ለቴአትር ግን ሞቱ ነው። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ በዚያው በለመዱት መንፈስ ጻፉ፤ አሳዩ፤ ወደሚቀጥለው አለፉ። በ1928 ዓ.ም. ጠላት ሲገባ ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ በ1933 ዓ.ም. ተመለሱ፤ በ1939 ዓ.ም. ዐረፉ። ከድርሰቶቻቸው ብዙዎቹ በጊዜያቸው ታትመው ለሕዝብ አልተዳረሱም። ያየው ሰው አወራ፤ ያወራው ሰው ሞተ። ቴአትራቸው እንደ ቅኔያቸው ሆነ፤ አንድ ጊዜ ተባለና አለፈ።

ይህን በትክክል የተረዱ አንድ ሰው ነበሩ፤ ባለቅኔውና መምህሩ ዮሐንስ አድማሱ። የዮፍታሔን ሕይወትና ጽሑፍ ከየሰዉና ከየወረቀቱ እየለቀሙ አጠኑ፤ ነገር ግን ጥናታቸው መጽሐፍ ሆኖ ሳያዩት በ1967 ዓ.ም. ዐረፉ። ከርሳቸው እጅ የተቀበሉት ወንድማቸው ዮናስ አድማሱ አዘጋጅተው ለኅትመት አበቁት። እንግዲህ ከዮፍታሔ ለዮሐንስ፣ ከዮሐንስ ለዮናስ፣ ከዮናስም ለአንባቢ ተላለፈ። ሐረጉ ቀጭን ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ባይኖር ኖሮ ይበጠስ ነበር።

ከዚህ ጋራ የሐዲስ ዓለማየሁን ዕድል ማስተያየት ያስፈልጋል። የወጣትነታቸው ቴአትር ዛሬ በስሙ ብቻ የሚታወቅ ለብዙ ሰው ነው፤ በ1958 ዓ.ም. የወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን በአማርኛ ተናጋሪው ሁሉ ቤት ገብቷል። መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት መልካም ተቀባይ አገኘ፤ በኋላም ታላቁ ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬድዮ ሲያነቡት ሁለተኛ ተቀባይ አገኘ። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ በዛብህ በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ሲማር፣ ጉዱ ካሣም በመኳንንቱ ላይ ሲሣለቅ በጆሮው ሰማ። ደራሲው በጎጃም ደጋ የተማሩት፣ ተዋናዩ በአዲስ አበባ መድረክ ያደጉ ነበሩ፤ ባለቅኔውና ዜመኛው እንደ ገና ተገናኙ። በአንድ ሰው ሁለት ሥራ ላይ የታየው ይህ ልዩነት የችሎታ ልዩነት ብቻ አይደለም፤ የተቀባይ ልዩነት ነው።

አንድ ነቀፋ ሳይመለስ ማለፍ አይገባም። በቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዘንድ «ሊቁ ከመድረክ ጋራ ምን አለው? ቴአትርና ዘፈን የዓለም ነው» የሚሉ አሉ። በመድረክ የሚታየው ሁሉ የሚያስመሰግን እንዳልሆነ የታወቀ ነው፤ ብዙው ጥቅም የሌለበት ጨዋታ ነው። ነገር ግን ሊቁ ከመድረኩ ሲርቅ መድረኩ አይዘጋም፤ ዕውቀት በሌለው ይያዛል እንጂ። ዮፍታሔ የቀኝ ጌታነት ማዕርጋቸውን ሳይጥሉ በመድረክ ቆሙ፤ ከማዕርጋቸው የጎደለ ነገር የለም፤ መድረኩ ግን ከማዕርጋቸው ተጠቀመ።

ይህ ሁሉ በመጨረሻ ወደ ደብረ ማርቆስ ይመልሳል። ጥንት መንቆረር ይባል የነበረው፣ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን በቤተ ክርስቲያኑ ስም የተጠራው ይህ ከተማ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ልጆቹ የዐባይን በረሃ ተሻግረው ለዋናው ከተማ መዝሙርም ቴአትርም ልብ ወለድም ሰጡ። ከተማው የሰጠውን መልሶ መቀበል ይገባዋል። በደርግ ዘመን በየአውራጃውና በየቀበሌው የኪነት ቡድኖች ተቋቁመው ስለ ነበር መድረክ ለአገሬው አዲስ አይደለም፤ ዛሬም ከተማው ዩኒቨርሲቲ አለው፤ በዙሪያው የቅኔ ጉባኤዎች አሉ፤ መሰንቆውም አልተሰበረም። የጎደለው ሦስቱን በአንድ ቤት ማገናኘት ነው። የቅኔ መምህር ተጋብዞ በተማሪዎች ቴአትር ልምምድ ላይ ተቀምጦ እንደ ነገራው ሰዓት ቢያርም፣ አዝማሪው የተቀበለውን ግጥም ከነሰጪው ስም ቢያስመዘግብ፣ የታየውም ድርሰት በዓመቱ ቢታተም፣ ይህ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ነገር ግን አለ። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ማርቆስና በአዲስ አበባ በአንዳንድ ቤት ሳጥን ውስጥ፣ ከርስት ክርክር ወረቀትና ከአሮጌ ደብዳቤ ጋራ ተጣጥፎ የቀረ የቴአትር ድርሰት፣ የመዝሙር ቃል፣ ወይም ከአያት የተሰማ የመድረክ ወግ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለ ወረቀት ያለው ሰው ለዝናብና ለምስጥ ሳይተወው አውጥቶ ለቤተ መጻሕፍት ይስጥ፤ ወግ ያለው አረጋዊም ለልጅ ልጁ ይንገር፤ ልጁም ይጻፍ። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቃል ለዚህ ይበቃል፤ ተቀበል።